ጠቋሚውና እኔ

እህቴ ታናሼ ናት፤ በዕድሜና በቁመት ካልሆነ በምንም አልበልጣትም። ፕሮግራም መጻፍ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ መሥሪያ ቤት ያስገባኋትም እኔው። ከገባች ሁለት ዓመት ሳይሞላት ግን የተቸገረ ሁሉ ወንበሩን እየጎተተ ወደ እሷ ጠረጴዛ መሄድ ጀመረ። ፊት የበቀለን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው ማለት ይኸው ነው። ምን ይደበቃል፣ እቀናባት ነበር። ሳቋ ራሱ ያንገበግበኛል። እናታችን እንኳ ስልኳ ሲበላሽ «እስቲ እህትህን ጥራልኝ» ነው የምትለኝ።

በዚያ ሳምንት ከሁለታችን አንዳችን የቡድን መሪ ልንሆን ነው። በዚህ መሃል ለአንድ ክሊኒክ የሠራነው የወረፋ ፕሮግራም ቀጥ አለ። ታካሚዎቹ የተመዘገቡት በተያያዥ ዝርዝር ነው፤ እያንዳንዱ ስም ከሱ ቀጥሎ ያለውን ይዟል። በዝርዝሩ ላይ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሻገረውን «ጠቋሚ» እንለዋለን። ጠቋሚው የቆመበትን ስም ሰርዘህ «ቀጥል» ብትለው የት ይሄዳል? መንገዱን የሚያሳየው ስም የለማ! ስለዚህ ከመሰረዝህ በፊት ቀጣዩን ታስይዘዋለህ። ይህን ለእህቴ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ የዘነጋሁትም እኔው። ፋይሉን ሁለታችንም ስለምንነካካው የማን ጥፋት እንደሆነ አይታወቅም ብዬ ዝም አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት እህቴ አለቃችን ቢሮ ገባች። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ።

«ችግሩ እሱ ነው» ትላለች። «የሌለ ነገር ላይ ቆሞ ቀርቷል። ቀጣዩ ማን እንደሆነ አያውቅም። እንዲህ ከቀጠለ ሁላችንንም ያዋርደናል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለ አለቃችን።

«ከዚያ ቦታ ማንሳት ነዋ!»

ደሜ ፈላ። በሩን በርግጄ ገባሁ።

«አንቺ ነሽ እኔን የምታስነሺኝ? ሀ ብዬ ያስተማርኩሽን ሰው፣ አንዲት መስመር ብስት፣ በዚህች ታስነሺኛለሽ?»

«ወንድም ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «ስለ ጠቋሚው እኮ ነው የማወራው።»

አለቃችን መነጽሩን አወለቀ። «ቆይ ቆይ። መስመሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ አላልሽኝም እንዴ?»

እህቴ አንገቷን ደፋች። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባትና «ለምን?» አልኳት።

«አንተ እንድትሾም ነዋ» አለች ተበሳጭታ። «ስምንት ዓመት ለፍተሃል። እኔ ምን ቸኮልኩ? አሁን በገዛ አፍህ አበላሸኸው።»

ዓርብ እሷ ተሾመች። ተሰልፌ ጨበጥኳት፤ «እንኳን ደስ አለሽ» አልኩ፣ ጥርሴን እያሳየሁ። ሹመቱ አላቃጠለኝም። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ኖሮ ጥፋቷን በራሴ ላይ አልወስድም ነበር፤ እሷ ይህን ታውቃለች፣ አውቃም ወስዳልኛለች። እስከ ዛሬ የምቀናባት በዚህ ነው።