ለርግብ ቤቱ ሚስት ፍለጋ

ግሪዘል ፐርቪስ ያረጀችው የባላባቶቹን ርግብ ቤት ስትጠብቅ ነው። ክብ የድንጋይ ግንብ ሲሆን፣ ውስጡ ከታች እስከ ላይ የርግብ ማደሪያ ነው። የሰባውን ጫጩት ለገበታ፣ ኩሱን ለማሳ ታወጣለች። ከመግባቷ በፊት ግን በሩን ታንኳኳለች።

«ሳይታሰብ ዘው የሚል እንግዳ ማን ይወዳል?» ትላለች።

በዚያ የስኮትላንድ አገር፣ ርግብ ቤት ያፈረሰ ባላባት ሚስቱ በዓመቱ ትሞትበታለች ይባላል። ስንቱ ባላባት ገብሱን ርግብ እየበላበት፣ እያጉረመረመ፣ ግንቡን ሳይነካ ኖሯል። አዲሱ ጌታ ሮበርት ግን ላጤ ነበር።

«ግሪዘል፣ ለፈረሶቼ ጋጣ ድንጋይ ቸግሮኛል። አዝመራው ይግባና ርግብ ቤቱን አፈርሰዋለሁ።»

«ኧረ ጌታዬ! መዘዝ ያመጣል!»

«በማን ላይ? ሚስት የለኝ!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

ግሪዘል ስታለቅስ ዋለች። ለቅሶው ሲወጣላት ታዲያ ነገሩ ተገለጠላት፦ ጠፋ የተባለው ሚስት ከሆነ፣ ሚስት ይፈለጋላ!

የቄሱ እህት ማሪዮን መልከ መልካም ነበረች፤ ስለታም ምላሷ ግን ለጋብቻ የጠየቋትን ሁሉ አባርሯል። ግሪዘል የሰቡ ጫጩቶች ይዛላት ሄደች። «ጌታዬ ልከውልዎት ነው» አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። ማሪዮን ልታመሰግን መጣች። ሮበርት ምንም የላከው ነገር ባይኖርም፣ እንዲህ ያለች ሴት ስታመሰግነው አልላክሁም ይበል እንዴ? ምስጋናውን ተቀበለ። አዝመራው ሲገባ ተጋቡ።

በሠርጉ ማታ ግሪዘል ውስኪ ቀመሰችና ሁሉንም ዘከዘከችው። ድግሱ በሳቅ ተናጋ። ማሪዮን ግን ፊቷ ቀላ።

«ለወፍ ማደሪያ ብለሽ ነው የዳርሽኝ?»

«አዎ፣ እመቤቴ። በኋላ ግን ወደድኩዎት።»

«ሮበርት፣ ነገውኑ አፍርሰው! እኔ ሟርት አልፈራም።»

ግሪዘል ለርግቦቹ ማዘኗን ትታ ለዚች ልጅ ፈራች፤ ልጅቷን ለሞት የዳረቻት መሰላት። እንግዳው ሁሉ፣ በሟርት ሲሳለቅ ወደ ኖረው ወደ ሮበርት ዞረ። እሱ አልሳቀም። የሚስቱን እጅ ጥብቅ አድርጎ ያዘ።

«እኔ እፈራለሁ» አለ።