አሴቲክ አሲድ የት ይቀመጥ?

ዓዲ ሓቂ ሰፈር ባለው ላብራቶሪ ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ የኬሚካል መጋዘን ኃላፊዋ ወይዘሮ ለተብርሃን ቁልፍ ይዘው በር ላይ ጠበቁኝ። የተቀጠርኩት የኬሚካሎቹን መረጃ የሚይዝ ሶፍትዌር ልነድፍ ነበር፤ ምን የት እንዳለ፣ ከምን መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ የሚናገር።

«ግባና እያቸው» አሉኝ።

«ዝርዝሩ ይበቃኛል» አልኩ። ስለ ንድፍ ያን ያህል መጽሐፍ ያነበበ ሰው ጠርሙስ ለምን ያያል?

የተማርኩት ዘዴ ዓለምን በነገሮች ይከፍላል። ለእያንዳንዱ ዓይነት ክላስ የሚባል ምድብ ትጽፋለህ፤ ልጁ ክላስ የአባቱን ጠባይ ይወርሳል። ከላይ «ኬሚካል» አልኩ፤ ከሥሩ «አሲድ»፣ «ቤዝ»፣ «ተቀጣጣይ»፣ «ኦክሲዳይዘር»። የምጽፍበት ቋንቋ ለአንድ ክላስ ከአንድ አባት በላይ አይፈቅድም። ሥርዓት ያለው ቤተሰብ መሰለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ግራ ገባኝ። ናይትሪክ አሲድ ስሙ አሲድ ነው፤ ሌላው ነገር እንዲነድ ስለሚያግዝ ግን ኦክሲዳይዘርም ነው። አሴቲክ አሲድ ደግሞ አሲድ ሆኖ ሳለ ራሱ ይነዳል። ሦስት ቀን የክላሶቹን ሥዕል ስሠርዝና ስሥል ሰነበትኩ። በመጨረሻ ሁለቱንም በስማቸው «አሲድ» ሥር ከተትኳቸው። ግራ የገባው ሰው ስም ሲያገኝ ነገሩ የገባው ይመስለዋል።

የክፍሉ ኃላፊ ከደብረ ማርቆስ የመጣ የኬሚስትሪ ዶክተር ነው። ሥዕሉን ያየው ወደ ስብሰባ ሲጣደፍ ነበር። «ያምራል» ብሎኝ ሄደ።

በርክክቡ ቀን ሶፍትዌሩ የመደርደሪያ ድልድል አተመ። ዶክተሩ፣ ወይዘሮ ለተብርሃን ጠርሙሶቹን በዚያ መሠረት እንዲደረድሩና ሰነዱን እንዲፈርሙ አዘዘ። እሳቸው ወረቀቱን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ናይትሪክና አሴቲክ አንድ መደርደሪያ ላይ ይላል።»

«ሁለቱም አሲድ ናቸው» አልኩ።

«ወይ ሓወይ፣ ወይ ወንድሜ! ወንድማማቾች ናቸው ልትለኝ ነው?»

«በንድፉ አዎ፣ የአንድ አባት ልጆች ናቸው።»

«እንግዲያው አባታቸውን ጥራልኝና ሲገዳደሉ ይገላግላቸው። ተሰብረው ቢቀላቀሉ እሳት ነው። እዚህ ውስጥ የምውለው ደግሞ እኔ ነኝ፤ አንተ አይደለህም። አልፈርምም።»

ዶክተሩ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። «ልክ ናቸው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔም ማየት ነበረብኝ።»

አሁንም አልገባኝም ነበር። «ታዲያ አሴቲክ ምንድን ነው? አሲድ ነው ወይስ ተቀጣጣይ?»

«ሁለቱንም ነው» አሉ ወይዘሮ ለተብርሃን።

«አንዱን ይምረጡልኝ።»

«ለምን ብዬ? አንተስ ራስህ የሚስትህ ባል ነህ ወይስ ፕሮግራመር?»

እጄን ይዘው ወደ መጋዘኑ አስገቡኝ። ስቲከር ከከተማው በጠፋ ጊዜ በየጠርሙሱ አንገት ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ቁራጭ አስረው ነበር፤ ቀይ ለሚነድ፣ ቢጫ ለሚያነድ፣ ሰማያዊ ለአሲድ። አሴቲክ ላይ ሰማያዊና ቀይ ታስሯል። ናይትሪክ ላይ ሰማያዊና ቢጫ። «ቀይና ቢጫ አይገናኙም» አሉኝ። «ይኸው ነው።» እኔ ሦስት ቀን የተሟገትኩበትን በሽቦ ጨርሰውታል።

የቤተሰቡን ዛፍ አፈረስኩ። «ኬሚካል» አንድ ክላስ ብቻ ሆነ፤ እያንዳንዱ አደጋ ለብቻው ተጻፈ፤ ማንኛውም ኬሚካል ያሉትን አደጋዎች ሁሉ ይይዛል። ሶፍትዌሩ ከመደልደሉ በፊት የማይገናኙትን ይፈትሻል። መጋዘኑ ውስጥ ካለው ግማሹ እስከ ዛሬ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ወይዘሮ ለተብርሃን ራሳቸው ፈተኑት። ሁለቱን አሲዶች አንድ መደርደሪያ ላይ ጻፉ፤ ሶፍትዌሩ እምቢ አለ። ሁለቱንም አንድ ላይ ወደ ሌላ መደርደሪያ አዛወሩ፤ አሁንም እምቢ አለ።

«አሁን መፍራት ተምሯል» ብለው ፈረሙ።

ወጣት ባልደረቦቼ፣ ምድባችሁ ውስጥ አልገባ ያለ ነገር ስታገኙ ነገሩን ገፍታችሁ አታስገቡት። ምድቡን ቀይሩ።