ለአባቴ ቢልጫ ፍለጋ ወደ መቂ

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከአዳማ መናኸሪያ ስነሣ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቢልጫ አጥምጄ መመለስ። አባቴ ታሞ እህል አልቀምስ ካለ ሰንብቷል። ያቀረብንለትን ሁሉ "አንሱልኝ" ይላል። ሐሙስ ዕለት ግን ወንጂ ሲሠራ እሑድ እሑድ ከአዋሽ ያወጣው የነበረውን ዓሣ አስታወሰና "ቢልጫ ባገኝ እበላ ነበር" አለ። ገበያ ወጣሁ፤ ቆሮሶና አምባዛ እንጂ ቢልጫ የለም።

እኔ በትል አላጠምድም። ከዶሮ ላባና ከክር ዝንብ የምትመስል ነገር መንጠቆ ላይ አስርና በረጅም ዘንግ ወርውሬ ውኃው ላይ አሳርፋታለሁ። ዓሣው እውነተኛ ዝንብ መስላው ይጎርሳታል። አባቴ በዚህ ሲስቅብኝ ኖሯል። "ዶሮዋን ራሷን ለምን አትበያትም?" ይለኛል።

ሞጆ ላይ ወደ ደረቅ ወደቡ የሚገቡ ተሳቢዎች መንገዱን ሞልተውት ግማሽ ሰዓት ቆምን። ቆቃ ሹፌሩ ሐብሐብ ሊገዛ ሲወርድ እኔ ትኩስ ቆሮሶ ጥብስ በዳቦ በላሁ። ጣፈጠኝ፤ አባቴ ትዝ ሲለኝ ግን ግማሹን ተውኩት። ዓለም ጤናን አልፈን፣ የሽንኩርቱን ማሳ ተከትለን ሦስት ሰዓት ላይ መቂ ገባን። ከዚያ በባጃጅ ወደ ወንዙ ወረድኩ።

ወንዙ ዳር

ያካፋል። ሁለት አባ ኮዳ ወፎች ዳር ላይ ቆመዋል። ግራሩ ላይ አምስት ስድስት መረብ ተሰቅሏል። ዓሣ አጥማጆቹ ሊያደርቁት የሰቀሉት መስሎኝ አልፌ ጠጠር ያለበት ኩርባ ላይ ቆምኩ። ሦስተኛው ውርወራ ላይ ዘንጌ ተለመጠ። እየሳብኩ፣ እየለቀቅኩ ዳር አደረስኳት። ክንዴን የምታህል ቢልጫ! ብቻዬን ጮኽኩ።

ጩኸቴን ሰምተው አንድ ሽማግሌ መጡ።

"አካም ቡልታን፣ ኦቦ?" ብዬ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አልኳቸው።

"ደህና፣ ልጄ። መረቡን አላየሽም?"

"አየሁት። ሊደርቅ የተሰቀለ መስሎኝ ነው።"

"በካፊያ መረብ ይደርቃል?" ብለው ሳቁ። ኦቦ ገመቹ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። እንደነገሩኝ፣ ዝናብ ሲጀምር ቢልጫ ከዝዋይ ሐይቅ ወጥታ እዚህ ጠጠር ላይ ዕንቁላል ትጥላለች። ያን ጊዜ አጥማጆቹ መረባቸውን ግራሩ ላይ ይሰቅላሉ። ዕንቁላሏን ጥላ ወደ ሐይቁ እስክትመለስ ማንም መረቡን አያወርድም። "እኛም ልጆች አሉን፤ ግን ሁሉንም ዛሬ ከበላን ነገ ምን ልንበላ ነው?" አሉኝ።

ውኃው ዳር እንደያዝኳት ሆዷን ነካሁት፤ ዕንቁላል ጣቴ ላይ ወጣ። አፈርኩ። የአባቴን ነገር ነገርኳቸው። ኦቦ ገመቹ ጎንበስ ብለው ዓሣዋን አዩ።

"ለታመመ አባት አልከለክልም። የያዝሻት አንቺ ነሽ፤ አንቺው ፍረጂ።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መንጠቆውን አወጣሁና ራሷን ወደ ፍሰቱ አዙሬ በሁለት እጄ ያዝኳት። ትንፋሿ ሲመለስ ጅራቷን አንዴ መታችና ሄደች። እዚያው ውኃው ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ።

አዳማ፣ አሥራ አንድ ሰዓት

አባቴ አልጋው ላይ ቀና ብሎ ጠበቀኝ።

"አባዬ፣ ይዤያት ነበር። ዕንቁላል ነበራት፤ ለቀቅኳት።"

"እኛ እኮ ዕንቁላል ያላትን ነበር መርጠን የምናወጣው" አለ። "ስለሚጣፍጥ። በኋላ አዋሽ ላይ ስትጠፋ ማን እንደጨረሳት ጠየቅን።" እጄን ያዘኝ። "አካሄዷ እንዴት ነበር? ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።"

ከግራሩ ጀምሬ ነገርኩት። መሀል ላይ እናቴ የአጃ ሾርባ ይዛ ገባች። እሱ "ቀጥይ" እያለኝ አፉን ከፈተላት። ሦስት ማንኪያ ጠጣ። አባቴን የሚያስበላው ዓሣው ብቻ መስሎኝ ነበር የወጣሁት፤ ለካ ወሬውም ያስበላዋል። አራተኛው ማንኪያ ሲቀርብ ወሬዬን ሆን ብዬ አስረዘምኩት።