ታንክ የማይጥሰው በር

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ነው። ደንበኛ በር ፊት ቆሞ እግሩን ባነሳ ቁጥር ትዝ ይለኛል። አሁን አሁን ደግሞ እግሩን የሚያነሳው በዝቷል።

ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ያገለገለ በርና መስኮት እሸጣለሁ። ሰፈር ሲፈርስ በሩ እኔ ጋ ይመጣል። በእኛ ሥራ በር የሚፈተነው በጣት ነው። ደንበኛው ኳ ኳ ያደርጋል፣ እንደገባው ሰው ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ ዋጋ ላይ እንጨቃጨቃለን።

ያን ቀን ጠዋት የመጣው ሰውዬ ግን ረገጠ። ሃምሳ የሚጠጋው፣ ከካርቱም ጦርነት ሸሽቶ የመጣ ሱዳናዊ ነው። ከእኛ በላይ ባለው ቅያስ አንድ ክፍል ተከራይቶ ሲወጣ ሲገባ አየዋለሁ። ሴት ልጁም አብራው ነበረች፤ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። ሰላምታ የለ፣ ዋጋ መጠየቅ የለ፤ ግድግዳ ላይ ያስደገፍኩትን የኮምፔርሳቶ በር ሆዱን በጫማው በሳው። ምንም እንዳልተፈጠረ ወደሚቀጥለው አለፈ።

"አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም?" ብዬ ደረቱን ገፋሁት። እሱም ገፋኝ።

ጎረቤቴ ጋሼ አበራ ቆርቆሮ ይሸጣሉ። ጠብ ሲሸታቸው ማንም አይቀድማቸውም። እነዚህ ስደተኞች ኪራይ ያስወደዱብን አነሰና ደግሞ ዕቃ ይሰብሩብናል እያሉ ደረሱ። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ፖሊስ ይጠራ አለ፣ ሌላው አገሩ ይግባ አለ። አገሩ ምን ላይ እንዳለ የጠየቀ የለም። እኔም ዓይኔ የተበሳው በሬ ላይ ነበር።

ሰውዬው አማርኛ ይችላል፤ ካርቱም በነበረው መጋዘን ውስጥ ሐበሾች ይሠሩለት ነበር። የበሳሁትን እወስደዋለሁ፣ አንተ ግን ጠንካራ በር አሳየኝ አለኝ። የሚገዛ ሰው ላይ ቂም አላበዛም። ከጓሮ የብረት በር ጎትቼ አወጣሁና ለሁሉም ደንበኛ የምላትን አልኩት፦

"ይሄን ታንክ አይጥሰውም።"

በጥላቻ አየኝ። ስንት ዓመት ስነግድ እንደዚያ ያየኝ ደንበኛ የለም።

"ታንክ አይተሃል?"

አላየሁም።

"እኔ ቤት ታንክ አልመጣም። ሰው ነው የመጣው፣ በእግሩ። ትልቁ ልጄ በሩን ከውስጥ በጀርባው ይዞት ነበር። ሁለት ርግጫ ነው የቻለው። እዚያው በሩ ሥር ገደሉት።" ወደ ልጅቷ በአገጩ አመለከተ። "እሷ አልጋ ሥር ሆና ሰምታለች። እዚህ የተከራየነው ቤት በሩ ቆርቆሮ ነው። ነፋስ ሲመታው አትተኛም።"

ጋሼ አበራ ዞረው ወደ ሱቃቸው ተመለሱ። ያን የበር ቆርቆሮ የሸጡት እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

ልጅቷ ጆሮዎቿን በመዳፎቿ ይዛ ቆማለች። ከመጡ ጀምሮ እንደዚያ ነበረች፤ እኔ ያየኋት ገና ያኔ ነው።

ሰውዬው የብረቱንም በር ሊረግጥ ነው። በሩ እንዳይወድቅ ከኋላ ገብቼ በጀርባዬ ያዝኩት። አንዴ ረገጠ። ደገመው። ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። ሦስተኛውን ጠበቅኩ። አልመጣም።

"ይሄ ይሁን" አለ።

ልጅቷን ጠርቶ መቀርቀሪያውን እንድትዘጋ አዘዛት። እጇ አልደረሰም። በሩን ሰፈራችን ያለው ብረት በያጅ ጋ ወስጄ መቀርቀሪያውን ዝቅ አስደረግኩላት። አባትየው አላመሰገነኝም። እንዲያውም ዋጋ ላይ ቤቱን ያፈረስኩበት እኔ እስኪመስል ተሟገተኝ።

ዛሬም በሱቄ ፊት ሲያልፍ ሰላም አይለኝም። አንድ ቀን ልጅቷ ትተኛለች ወይ ብዬ ጠየቅኩት። "አንዳንዴ" ብሎኝ አለፈ። ባይወደኝ አይገርመኝም፤ እኔም እንድወደው አልጠየቀኝም። የሚያናድደኝ እነዚያ በሩን የረገጡት ሰዎች ናቸው። ፊታቸውን አይቼ አላውቅም፣ ርግጫቸው ግን ጀርባዬ ላይ ቀርቷል።

ወሬው ተዳርሶ አሁን ደንበኛ ሁሉ በር ይረግጣል። ያቺን የታንክ ማሻሻጫዬን ትቻታለሁ። ጠንካራ ነው ወይ ሲሉኝ ርገጡት እላለሁ። ሲረግጡት ግን ከኋላው አልቆምም።