ለጄኔራሉ ጠበቃ የሆንኩበት ቀን

የታሪክ ትምህርቱን የወሰድኩት ወድጄ አይደለም። ነርሲንግ ለመግባት የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር። ካለፍኩ እዚህ ሰው አገር ሶዶ የሚሉት ሰፈር ካለው መጋዘን እወጣለሁ፤ ከወደቅኩ ሌላ ዓመት ካርቶን ሳነሳ እከርማለሁ።

ለመጨረሻው ፈተና መምህሯ የአንድ የጥንት ግሪክ ጄኔራል ችሎት ክፍል ውስጥ እንድናካሂድ አዘዘችን። እኔና እንደኔ በዲቪ የመጣ አንድ ያገሬ ሰው ጠበቃ ሆንን፤ ውጤቱም የጋራ ነው። የሰውየውን ታሪክ ከሥር ከመሠረቱ አነበብኩት። የአቴና ሕዝብ በየዓመቱ እጁን እያወጣ የጦር አዛዥ አድርጎ መርጦታል። በመጨረሻው የባሕር ውጊያ አሸነፈ፤ ግን በተሰባበሩት መርከቦች ላይ የቀሩትን ወታደሮቹን ሳያነሳ ማዕበል ተነሳ። ሰዎቹ አለቁ። ድል አድርጎ ሲመለስ ለፍርድ አቀረቡት፤ ገደሉትም።

እውነቴን ነው፣ አሳዘነኝ። ማዕበልን ማን ያዛል?

ችግሩ የመጣው ከሐዘንተኞቹ ነው። ከፍርዱ በፊት ጥቁር የለበሱ፣ ፀጉራቸውን የተላጩ ሰዎች ሸንጎ ገብተው የሟቾቹ ዘመዶች ነን ብለዋል። መጽሐፉ ግን ጠላቶቹ የገዟቸው አስመሳዮች ናቸው ይላል። የኛም ዋናው መከላከያ ይኸው ነበር።

እኔም ተላጭቻለሁ። ወንድሜ ከጦር ሜዳ ሳይመለስ ሲቀር፣ ሬሳው እንኳ ሳይመጣ፣ ዓመት ሙሉ ጥቁር ለብሻለሁ። ያኔም "ማን ሞተ ብሎሽ ነው የምታስመስዪው?" ያለኝ ሹም ነበር።

ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባለው ሰፈር አንድ ካፌ ቁጭ ብለን ስንዘጋጅ፣ ሐዘንተኞቹን ውሸታሞች እንደማልል ለዚያ ላገሬ ሰው ነገርኩት።

"እህቴ፣ ሜይን ፖይንታችን እኮ እሱ ነው። ስኪፕ ካደረግነው ፌይል እናደርጋለን።"

"አንተ በለው። እኔ ግን ወንድሜን ቀብሬ እንኳ አላውቅም።"

"ኦኬ" አለ። ከወረቀቱም ሰረዘው።

በፈተናው ቀን ቆሜ ተናገርኩ፤ ማዕበሉ እውነት ነው፣ ሐዘኑም እውነት ነው፤ ጄኔራሉ አይሙት፣ ስለሞቱት ግን ይጠየቅ አልኩ። መምህሯ ጠበቃ እንዲህ አይናገርም ብላ አቋረጠችኝ። እኔ ግን አልተቀመጥኩም።

የክፍሉ ልጆች እጃቸውን አውጥተው ፈረዱበት። እኛም ወደቅን። ያንን ዓመት ካርቶን ሳነሳ ከረምኩ፤ አልጸጸትም።

የአቴና ሰዎች ቢያንስ ጄኔራላቸውን ፊት ለፊት አቁመው ልጆቻችን የት ቀሩ ብለውታል። የወንድሜን አዛዥ እስከ ዛሬ የጠየቀው የለም። እኔ እጠይቀዋለሁ።