ከመሀል አስገቡት

ቅዳሜ ጠዋት ፊሽካዎን ሲነፉ የሜዳው ጤዛ ገና አልደረቀም ነበር። ከጎኔ የቆመው ልጅ ጫማውን አብዝቶ ቀብቶት ኖሮ የቅባቱ ሽታ ከእርጥብ ሣር ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣብኛል። ፊሽካው ውስጥ ያለችው ፍሬ ስትንቀጠቀጥ ጉልበቴ ከጆሮዬ ቀድሞ ሰማት። ሁላችንም ቀጥ አልን።

ይህ የሰልፍ ትምህርት አመራርንና ዜግነትን እንደሚያስተምረን በመጀመሪያው ቀን ነግረውናል። እኔም እንደ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ አምኜ፣ በትጋት እየተከታተልኩ ነው። ታዲያ በዕረፍት ሰዓት ወደ እርስዎ መጥቼ፣ ያን እግሩ የሚሳሳተውን ልጅ ከዳር አንሥተው በእኔና በጓደኛዬ መሀል እንዲያቆሙት ለመንኩ። እርስዎም ሁለት ነገር ጠየቁኝ። እንዲህ መራመድ የት ተማርክ? ያ ልጅስ ለምን ከመሀል ይግባ አልክ? “ደብረ ታቦር ነው የተማርኩት፤ ልጁም ይሻለዋል ብዬ ነው” ብቻ ብዬ ወደ ረድፌ ተመለስኩ። መልሴ አጥሮ ቅር ካሰኘዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያኔ ያልወጣልኝን ሙሉውን መልስ አሁን ልንገርዎ።

ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት እኔ የአቋቋም ተማሪ ነበርኩ። በበዓል ቀን ካህናቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመው፣ መቋሚያቸውን እያነሡ እየጣሉ፣ በከበሮና በጽናጽል እኩል ሲወዛወዙ አይተው ይሆናል። ያ ሁሉ የሚገኘው በብዙ ዓመት ትምህርት ነው። አገራችን ደብረ ታቦር ደግሞ በዚህ ትምህርት የታወቀ ነው። ከሩቅ አገር ሁሉ ተማሪ ይመጣ ነበር።

መሪጌታችን ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሰው ነበሩ። የሚለብሱት የበግ ለምድ ዝናብ ሲነካው የሚሸተውን ሽታ አሁንም አውቀዋለሁ። ከእኛ አንዱ ሲሳሳት አይቆጡም፣ አይጮኹም። የቀኝ እጃቸውን ሁለት ጣቶች ይገጥሙና ቀስ አድርገው ወደ ታች ይጥሏቸዋል። ትንሽ ቆየት ይሉና መልሰው ያነሷቸዋል። “እግርህ ይስማ እንጂ!” ይላሉ። ያን እጅ ያየ ሰው የጠፋበትን ርምጃ ወዲያው ያገኘዋል። እኛ ተማሪዎቻቸው ከእጃቸው ጋር ከመላመዳችን የተነሣ፣ እጁን ስናይ አናስብም ነበር፤ እግራችን ብቻውን ይሄዳል። ደካማ ልጅ ሲመጣላቸው ደግሞ ሁልጊዜ ከሁለት ብርቱዎች መሀል ያቆሙታል። “ሙቀቱ ይጋባበታል” ይሉ ነበር።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ክረምት መሪጌታ ጠፉ። መጀመሪያ ገጠር ወረዱ ተባለ። ኋላ በገበያ በሹክሹክታ የሚወራው ሌላ ሆነ፤ ከአንዱ አርበኛ ሰፈር ወደ ሌላው ቃል የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው ተባለ። ወሬው ጣሊያኖቹም ዘንድ ደረሰ። አንድ መሪጌታ እንደሚላላክ አወቁ፤ መልካቸውን ግን አያውቁትም ነበር።

ከጣሊያኖቹ ምሽግ በታች በቆርቆሮ የተሸፈነ ትምህርት ቤት የተከፈተው በዚያው ዓመት፣ መሪጌታ ከመጥፋታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ገደማ የሆነን ልጆች ሰበሰቡን። ለሚማር ልጅ ዱቄት ይሰጥ ነበር። አባቴ ቀደም ብሎ ስለሞተ እናቴ ብዙ የምትመርጠው አልነበራትም።

“ዱቄቱን ይዘህ ና” አለችኝ። “የሚያስተምሩህን ግን እዚያው ትተኸው ና።”

ቁምጣ ሱሪና ጥቁር ሸሚዝ ሰጡን። ቀጥሎ ከእንጨት የተጠረበ ጠመንጃ ታደለን። ጣሊያኑ አሰልጣኝ “ያዙ!” ሲል፣ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ የነበርነው ልጆች በሙሉ ጠመንጃውን በብብታችን ሥር አስገብተን፣ ልክ እንደ መቋሚያ ተደግፈነው ቆምን። አሰልጣኙ እስኪያለቅስ ሳቀ። ሰልፉ ሲጀመር ግን ሳቁን ተወው። “ኡኖ፣ ዱኤ!” እያለ ሲያስረግጠን እግራችን እንደ አንድ ሰው እግር ሆነ። አፉን ከፍቶ አየንና ወደ አስተርጓሚው ዞረ።

“ማን አስተማራቸው ይላል” አለን አስተርጓሚው።

“መሪጌታ” አልን በአንድ ድምፅ። ያኔ ገና መሪጌታ አልጠፉም ነበር፤ የሚያስፈራም ነገር አልነበረውም።

አስተርጓሚው ወጣት ነበር። ወገቡ ላይ ሰፊ ቀበቶ ይታጠቃል፣ ቡትስ ጫማ ያደርጋል። በልጅነቱ ዲያቆን እንደነበረ ይወራል፤ እሱ ግን አንሥቶት አያውቅም። አሰልጣኙ ስለ መሪነት ረጅም ንግግር ያደርጋል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ ላብ በላብ ይሆናል። አስተርጓሚው በመጨረሻ ጉሮሮውን ይጠርግና “ታዘዙ ነው የሚለው” ይለናል። ስለ ጥሩ ዜጋ ሲናገርም እንደዚያው ነው። “አሁንም ያው ነው፤ ታዘዙ።” እንስቅ ነበር። ልጆች ነበርንና ሳቅ ይቀናናል።

ከእኛ መሀል የሰልፉ ነገር አልሆንለት ያለው አንድ የሐሙሲት ልጅ ብቻ ነበር። ቁመቱ ከሁላችን ይበልጣል። የገበሬ ልጅ ነው፤ መቋሚያ ነክቶ አያውቅም። ግራ እግሩ ሁልጊዜ ይቀድምበታል።

“አንተ ልጅ፣ እግሮችህ ተጣልተዋል እንዴ?” ይለዋል አስተርጓሚው። “ሽማግሌ እንላክባቸው?”

“እኔ ከበሬ ኋላ ነው የተራመድኩት ጋሼ” ይላል ልጁ። “በሬ ደግሞ ፊሽካ አይሰማም።”

አንድ ቀን ከጎንደር ትልቅ ሹም ሊመጣ ነው ተብሎ ሜዳው ተጠረገ፣ የቆርቆሮው በር ኖራ ተቀባ። እኛም ጠዋት ተሰለፍን። የሐሙሲቱን ልጅ፣ ቁመናው ያምራል ብሎ አሰልጣኙ ከረድፉ ዳር አቆመው። እኛ ከመሀል ይሁን ብለን ልንናገር ፈርተን ተውነው።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ከይፋግ መንገድ ላይ የተያዙ ሰዎች እየተነዱ መጡ። ገበሬዎችና ነጋዴዎች ናቸው። ከሜዳው ጠርዝ፣ ከእኛ ጥቂት ርቀት ላይ፣ መሬት ላይ አስቀመጧቸው። ከመሀላቸው አንድ ጢሙን የተላጨ፣ ራሱን ያልጠመጠመ፣ የተቀደደ ቡትቶ የለበሰ ሽማግሌ ነበር። ከጎኑ የጨው ሸክም ተቀምጧል። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁጭ ብሏል።

እጆቹን አየሁ። መሪጌታ ነበሩ።

ጉልበቴ በራሱ ሊታጠፍ ምንም አልቀረውም። መምህሩን ያየ ተማሪ ሄዶ ጉልበታቸውን ይስማል፤ ሌላ ነገር አናውቅም። ከረድፉ ውስጥ ትንፋሽ ሲቆም ተሰማኝ። ሁሉም አይቷቸዋል። ከእኛ አንዱ አንገቱን ዝቅ ቢያደርግ፣ አንዱ ዓይኑን እንኳ ወደ እሳቸው ቢመልስ፣ አለቀላቸው።

“ምን ሆናችሁ?” አለ የሐሙሲቱ ልጅ በለሆሳስ። እሱ አያውቃቸውም።

“ፊትህን እይ!” አልነው።

አስተርጓሚው እስረኞቹን አንድ በአንድ እየጠየቀ መጣ። መሪጌታ ዘንድ ሲደርስ ጨዉን በጫማው ነካ አደረገው።

“አንተ ሽማግሌ፣ ከየት ነህ?”

“ከይፋግ ነኝ ጌታው። ጨው ተሸካሚ ነኝ።”

“ፊደል ታውቃለህ?”

“ኧረ ፊደል ከየት አባቴ አመጣዋለሁ ጌታው! እኔ የማውቅ አህያና ጨው ነው።”

ድጓውን በሙሉ በቃላቸው የሚያውቁ ሰው እንዲህ ሲሉ መስማት! በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እንፈርስ ነበር። አስተርጓሚው ራሱን ነቀነቀና አለፋቸው። “እነዚህ ተራ ሰዎች ናቸው፤ ሹሙ ካለፈ በኋላ ይለቀቃሉ” ሲል ሰማሁት። ደስታዬን በጥርሴ ያዝኩት። በዚያ ሰዓት ፊት ፊቱን ብቻ ማየት ያስተማረንን ያን ጣሊያን በልቤ መረቅሁት።

ሹሙ መጣ። ከበሮ ተመታ፣ ፊሽካ ተነፋ፣ ሄድን። ወደ እስረኞቹ ስንቃረብ የሐሙሲቱ ልጅ ግራ እግር ቀደመ። ሊያስተካክል ሲዘል ባሰበት። ከጎኑ ያለው ተደናገረ፣ የሱ ቀጣይም ተደናገረ። ረድፉ ከዳር ወደ መሀል መፍረስ ጀመረ። የአሰልጣኙ ፊት በርበሬ መሰለ።

በዚህ መሀል፣ በዓይኔ ጥግ፣ ሁለት ጣቶች ተገጥመው ከአንድ ጉልበት ላይ ሲነሡ አየሁ።

ያወቁት አይመስለኝም። ዓይናቸው እግራችን ላይ ነበር። ፊታቸው ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ ጣሊያንም፣ ጨውም፣ ሞትም አልነበረም። ተማሪ ተሳስቷል፣ በቃ። እጁ ቀስ ብሎ ወረደ። ትንሽ ቆየ። ተነሣ። እግራችን ያን እጅ ያውቀዋል። ከዳር እስከ ዳር አንድ ድምፅ ሆነን ረገጥን። ያ እጁን ጨርሶ የማያውቀው የሐሙሲት ልጅ እንኳ ሳይቀር ገጠመ። ሜዳው “ድም” አለ።

“ብራቮ!” ብሎ ጮኸ አሰልጣኙ፤ ባለንበት እንድንረግጥም አዘዘን።

አስተርጓሚውን ያየሁት ያኔ ነው። አፉ ገርበብ ብሏል። የቀኝ እግሩ ቡትስ መሬቱን ከመሪጌታ እጅ ጋር እኩል ይመታ ነበር። ከዚያ ቡትሱ ቆመ።

እየተራመደ ወደ መሪጌታ ሄደ። ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋላቸው።

“የኔታ፣ ይነሡ” አላቸው። ድምፁ የተማሪ ድምፅ ነበር።

ከዚያ ወደ አሰልጣኙ ዞሮ በጣሊያንኛ ጥቂት ቃላት ተናገረ።

ያን ያህል ብቻ ነው። ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም ነበር፤ ከእሱ በቀር ያን እጅ ሊያነብ የሚችል ሰው ከጣሊያኖቹ ወገን አልነበረም። ለምን እንደተናገረ እስከ ዛሬ አላውቅም። አእምሮዬ ባዶ ሆኖ ሳለ እግሬ ግን እዚያው ባለበት ይረግጥ ነበር፤ ቁም የሚል ትእዛዝ ገና አልተሰጠማ!

መሪጌታ ተነሡ። ከቡትቷቸው ላይ አቧራውን አራገፉ። አስተርጓሚውን እንደ አዲስ ተማሪ ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

“አንተስ የማን ተማሪ ነበርህ ልጄ?”

አስተርጓሚው ዓይኑን ወደ ቡትሱ ጣለ።

ወታደሮቹ ክንዳቸውን ይዘው ሲያልፉ ረድፋችን አጠገብ ደረሱ። እኛን እንደማያውቁን ሆኑ፤ አንዳችንንም በስም አልጠሩም። ወደ ሐሙሲቱ ልጅ ብቻ በአገጫቸው አመለከቱ።

“ይህ ረጅሙ፣ ግራው ይቸኩልበታል” አሉ። “ከመሀል አስገቡት።”

እሳቸውን የጫነው ካሚዮን ሲነሣ የቤንዚኑ ሽታ ሜዳውን ሞላው። በዚያው ደቂቃ፣ በእውነት እልዎታለሁ፣ በዚያው ደቂቃ አሰልጣኙ ፈገግ እያለ በረድፋችን መሀል ይዞር ነበር። ሹሙ በሰልፋችን ተደስቷል። ለእያንዳንዳችን ከረሜላ ሰጠን። ብሉ ተባልን፤ በላን። ካሚዮኑ በጎንደር መንገድ አቧራ ሆኖ ሲርቅ የእኔ አፍ ይጣፍጥ ነበር። አፌን ከልክለው ቢሉኝ እንዴት እከለክለዋለሁ? ጣፋጭ ነበር።

ከቆርቆሮው ጀርባ ስንሰበሰብ የሐሙሲቱ ልጅ “ሰውየው ማን ናቸው? ስለ እኔ ለምን ተናገሩ?” አለን። ነገርነው። ከዚያ ከረሜላውን ከአፉ አውጥቶ መዳፉ ላይ ያዘው። የሚጥልበት ቦታ የጠፋበት ይመስል ቤቱ እስኪደርስ እንደያዘው ሄደ።

በሚቀጥለው ሰልፍ ከመሀል አስገባነው። አሰልጣኙ ጎትቶ ከዳር አቆመው፤ ዞር ሲል መልሰን አስገባነው። እንደገና አወጣው፤ እንደገና አስገባነው። በመጨረሻ ደከመውና ተወን። አስተርጓሚው ያን ቀን ሁሉን ያይ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ እኛ ስንራመድ ፊቱን ወደ ጉና ተራራ አዙሮ ነው የሚቆመው።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጎንደር ድረስ ሄደን ጠየቅን። እንዲህ ያለ ጨው ተሸካሚ ወይም እንዲህ ያለ መሪጌታ ያየ ሰው አላገኘንም።

አሁን ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ያ የእኛ ልጅ ከዳር ሲሳሳት ረድፉ መደናገር ጀመረ። ድንገት የቀኝ እጄን አየሁ። ሁለቱ ጣቶቼ ተገጥመዋል፤ ከጭኔ ላይ ተነሥተው ሊወርዱ ነው። እኔ አላዘዝኳቸውም። በድንጋጤ ጨብጬ ከጀርባዬ ደበቅኋቸው፤ ዙሪያዬንም አየሁ። ሜዳው ላይ ተማሪዎችና እርስዎ ብቻ ነበራችሁ። የሚመጣብኝ ማንም አልነበረም። እኔ ግን እጄን አላወጣሁም፤ ልጁም እንደተሳሳተ እስከ መጨረሻው ሄደ።

እጄ ያልደፈረውን በአፌ ልናገር ብዬ ነው በዕረፍቱ ወደ እርስዎ የመጣሁት። እባክዎ፣ ከመሀል ያስገቡት።