የጊታሪስቱ ፖስተር

ሰውየው አዲሱ ገበያ ብቅ የሚለው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ፋሽኑ ካለፈ የቆየ ቤልቦተም ሱሪውን ተኩሶ ለብሶ፣ በጋዜጣ የጠቀለለውን ፖስተር በብብቱ ሸጉጦ ይመጣል። የሚገዛው ወልዱ የድሮ ሸክላና የሙዚቃ ፖስተር ነጋዴ ነው። አብዮቱ እንደፈነዳ ስኳር ይጠቀለልባቸው የነበሩትን የሮክ ባንድ ፖስተሮች አሁን ፈረንጆች ይሻሟቸዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ሰውየው ያመጣውን ከዘረጋ በኋላ እጁን ከላዩ አላነሣም። ፖስተሩ ላይ ጊታር የያዘ፣ ጸጉሩን ያጎፈረ ወጣት አለ። የወጣቱና የሰውየው መልክ ቁርጥ አንድ ነው።

"ጋሼ፣ ይሄ ጊታሪስት ሞቷል አይደል?" አለ ወልዱ። "ከሞተ እጥፍ እከፍልዎታለሁ። ፈረንጆቹ የሞተ ሰው ይወዳሉ።"

የሰውየው ዓይን ደም ለበሰ።

"ማን ሞተ አለህ? በቀይ ሽብር ከቤት ሲወስዱት 'ለጥያቄ ነው' ነው ያሉን! አስከሬን አልሰጡን፣ ለቅሶ አልተቀመጥን። እናታችን እስከ ዛሬ ጥቁር አልለበሰችም። አንተ ማን ሆነህ ነው ወንድሜን የምትገድለው?"

አጠገባቸው የነበሩት ገበያተኞች ንግግሩን ፈርተው ገለል ገለል አሉ።

"ይቅርታ፣ ጋሼ። ይዘውት ይሂዱ" አለ ወልዱ።

"የእናቴን መድኃኒት በምን ልግዛ? ግዛኝ! ግን በሕይወት ባለ ሰው ዋጋ።"

ወልዱ አፍሮ እጥፉን ዘረጋለት። ሰውየው ግማሹን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮለት ወደ ቁስቋም ዳገቱን ተያያዘው።